ውርርድ ትዳር ውስጥ ሲገባ፦ ስለ ዕዳ፣ ስለ ገመናና ስለ ዋስትና

አንዲት የማውቃት ሴት የባሏን የቁማር ሱስ የደረሰችበት አንገቷ ላይ ባየችው አረንጓዴ ምልክት ነው። እናቷ ለሠርጓ የሰጠቻትን የወርቅ ሐብል ለጥምቀት አድርጋው ውላ ማታ ስታወልቀው ቆዳዋ ላይ ቀለም ለቆ አገኘችው። ወርቅ ቀለም እንደማይለቅ ታውቃለችና በማግስቱ ወርቅ ቤት ወሰደችው፤ ባለሙያው ሚዛን ላይ ሳያስቀምጠው፣ ገና በእጁ እንዳነሣው «እህቴ፣ ይሄ አርቲ ነው» አላት። እውነተኛው ሐብል ከአራት ወር በፊት ተሽጦ ነበር። ባሏ መጠኑና ቅርጹ የሚመሳሰል አርቲ ፈልጎ ገዝቶ፣ በዚያው ጨርቅ ጠቅልሎ በዚያው ሳጥን ውስጥ አስቀምጦላት ነበር። ይህችን ሴት ብዙ ጊዜ አነጋግሬያታለሁ፤ ስለ ገንዘቡ የምትናገረው ጥቂት ነው። ደጋግማ የምታነሣው ጨርቁን ነው፦ በእሷ አስተጣጠፍ መታጠፉን፣ ጫፉም እሷ እንደምታደርገው ወደ ውስጥ መግባቱን።

ስለ ቁማር ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው የጠፋው ብር ነው። ብሩ ቀላል ነገር ባይሆንም፣ ብዙ ቤተሰብ ከወርቅ የሚበልጥ ነገር በበሽታ፣ በሥራ ማጣት ወይም በንግድ ኪሳራ አጥቶ ትዳሩ ሳይናጋ ቆይቷል፤ እንዲያውም አብሮ መቸገር ያጠበቃቸው ባልና ሚስት ብዙ ናቸው። ቁማር ከእነዚህ የሚለየው ኪሳራውን አንዱ ብቻ እያወቀው ሌላው የሚከፍለው በመሆኑና፣ ያ ዕውቀት ወራትና ዓመታት ተደብቆ ሲቆይ በባልና በሚስት መካከል ብቻ ሳይወሰን በዋስትና፣ በዕቁብና በብድር በኩል ወደ ወንድም፣ ወደ አማች፣ ወደ ሥራ ባልደረባ የሚዘልቅ በመሆኑ ነው። በእኔ እምነት የቤተሰቡ ጉዳት ዋና በር ይህ መደበቅ ነው፤ ይባስ ብሎም ቤተሰቡ ራሱ ከፍቅርና ከኀፍረት የተነሣ በሩን ከውስጥ ይዘጋዋል።

ቁማር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ካርታና ከረምቦላ የኖሩ ናቸው፤ ብሔራዊ ሎተሪም ከ1954 ዓ.ም ጀምሮ ዕጣ ሲያወጣ ቆይቷል። ይሁንና ሎተሪ የገዛ ሰው ዕጣው እስኪወጣ ቀን ይጠብቃል፣ ካርታ የሚጫወትም ሰው ከቤት ወጥቶ፣ አምሽቶ፣ ከሰው ጋር ተቀምጦ ነው የሚጫወተው። ያለፉት ዓመታት የእግር ኳስ ውርርድ ይህንን ለወጠው። መጀመሪያ ቤቲንግ ቤቶች በየሰፈሩ ተከፈቱ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በአንድ ወቅት ቢዘጉም ጨዋታው ወደ ስልክ ተሻገረ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሞባይል ገንዘብ በየኪሱ ስለገባ፣ ገንዘብ ማስያዝና መቀበል የጥቂት ሰከንድ ጉዳይ ሆኗል። መጠጥ ይሸታል፣ ጫት ፊት ላይ ይታያል፤ ውርርድ ግን ሽታም ምልክትም የለውም። አንድ ሰው ከሚስቱ ጎን ተኝቶ፣ ብርሃኑን ቀንሶ፣ የወሩን የቤት ኪራይ ሊበላ ይችላል፤ ጠዋትም ቁርስ በልቶ ሥራ ይሄዳል።

ለምን አያቆምም የሚለው ጥያቄ በየቤቱ የሚጠየቅ ስለሆነ፣ መልሱን ከአንድ ትኬት ብንጀምር ይሻላል። አንድ ሰው የ10 ጨዋታዎችን ግምት በአንድ ትኬት ሰብስቦ 100 ብር አስያዘ እንበል። ለስሌቱ እንዲቀል እያንዳንዱ ግምት የመሳካት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ይሁን፤ አወራራጁ ድርጅት ደግሞ ለእያንዳንዱ ጨዋታ 1.85 ኦድ ይስጥ፤ ኦድ ማለት ግምቱ ከተሳካ ለተያዘው ለእያንዳንዱ አንድ ብር የሚከፈለው መጠን ነው። ትክክለኛው ኦድ 2 ነበር፤ ልዩነቱ የድርጅቱ ትርፍ ነው። ተወራራጁ አንድ ጨዋታ ብቻ ቢይዝ በረዥም ጊዜ ከእያንዳንዱ 100 ብር 92 ብር ከ50 ሳንቲም ይመለስለታል፤ ይህ ብዙም የሚያስደነግጥ አይመስልም። አሥሩ ሲደራረቡ ግን የድርጅቱም ትርፍ አብሮ ይደራረባል። ጠቅላላ ኦዱ 470 ገደማ ይደርስና ትኬቱ ላይ 47 ሺህ ብር የሚጠጋ ክፍያ ይነበባል፤ አሥሩም አንድ ላይ የመሳካታቸው ዕድል ግን ከ1,024 አንድ ስለሆነ ትክክለኛው ክፍያ 102,400 ብር መሆን ነበረበት። በሌላ አነጋገር፣ እንዲህ ባሉ ትኬቶች ላይ ከሚያዘው ከእያንዳንዱ 100 ብር በረዥም ጊዜ የሚመለሰው 46 ብር ያህል ነው። በዚህ ላይ በ2008 ዓ.ም የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር።

ከዚህ ስሌት ውስጥ ትዳርን የሚመለከተው ክፍል ገና አልተነገረም። ከአሥሩ ጨዋታዎች ዘጠኙ ተሳክተው አንዱ ብቻ የመሳሳቱ ዕድል ከ1,024 አሥር ነው። ይህም ማለት «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» የሚለው አጋጣሚ ሙሉ ትኬት ከመብላት በአሥር እጥፍ ይደጋገማል ማለት ነው። የአንጎል ምስል የሚያነሡ ጥናቶች እንዳሳዩት ማሸነፍ ለጥቂት ሲያመልጥ አንጎል ውስጥ የሚቀሰቀሰው ስሜት ከማሸነፍ ስሜት ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ሰውዬው ኪሱ ባዶ ሆኖ ሳለ አንጎሉ «ተቃርበሃል» ይለዋል። ሽልማት መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ሁኔታ የሚለመድ ልማድ ደግሞ ሽልማቱ በመደበኛነት ከሚመጣበት ይልቅ ለመተው የከበደ መሆኑ በሥነ ልቦና ጥናት የቆየ ዕውቀት ነው። ስለዚህ ሚስት ባሏን «ተበልተህ፣ ተበልተህ እንዴት አይበቃህም?» ብላ ስትጠይቀው እሱ የሚያስታውሰው የተበላውን ሳይሆን በአንድ ግብ ያመለጠውን 47 ሺህ ብር ነው፤ ሁለቱ ስለ አንድ ትኬት እያወሩ የሚያዩት ነገር የተለያየ ነው።

የሚወራረድ ሁሉ ሱሰኛ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ 20 ብር አስይዞ ጨዋታውን በደስታ የሚያይና ሰኞ የሚረሳ ሰው አለ፤ ይህ ጽሑፍ ስለ እሱ አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ የቁማር ሱስን ከአልኮልና ከሌሎች ሱሶች ጋር በአንድ ምድብ አስቀምጦታል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባም እንዲሁ። የአሜሪካው መመሪያ 9 ምልክቶችን ዘርዝሮ በአንድ ዓመት ውስጥ አራትና ከዚያ በላይ የታየበትን ሰው ሱሰኛ ይለዋል። ምልክቶቹን ሳነብ ያስገረመኝ ስንቶቹ ስለ ቤተሰብ እንደሆኑ ነው፦ መጠኑን ለመደበቅ መዋሸት አንዱ ነው፣ ትዳርን ወይም ሥራን አደጋ ላይ መጣል ሌላው ነው፣ በቁማር የመጣን የገንዘብ ችግር ሌሎች ሰዎች እንዲሸፍኑለት መደገፍም ራሱን ችሎ ተቆጥሯል። በተጨማሪም «ላስመልስ» እያሉ የተበላውን ለማሳደድ በማግስቱ መመለስ አለ፤ ይህ ቃል ከባል አፍ ሲወጣ የሰማች ሚስት ምልክቱን ለማወቅ መመሪያ አያስፈልጋትም። በነገራችን ላይ፣ ለፓርኪንሰን ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ቁማር ተጫውቶ የማያውቅን አዛውንት ጭምር ወደ ቁማር ሊገፉ እንደሚችሉ የታወቀ ነውና፣ አባቱ በድንገት መወራረድ የጀመረበት ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ቤት ውስጥ ነገሩ የሚጀምረው ከትንሽ ውሸት ነው። ደሞዝ ዘገየ፣ ከደሞዜ ተቆረጠ፣ ለባልደረባ ለቅሶ አዋጣሁ፣ ኪሴን ተሰረቅሁ። እያንዳንዱ ውሸት ለብቻው የሚታመን ስለሆነ ሚስት ታምናለች፤ ማመን የትዳር ሥራዋ ነውና። አስቤዛው ሲያንስ ከጎረቤት ትበደራለች፣ ዘይቱን ታቆጥባለች፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ቀን አስፈቅዳ ታስተላልፋለች። ከጊዜ በኋላ ሒሳቡ አልገጥም ሲላት ወደ መርማሪነት ትለወጣለች፦ ሲተኛ ስልኩን ትከፍታለች፣ ከባንክ የሚመጣውን መልእክት ትፈልጋለች፣ የጠፋውን መልእክት ስታይ መጥፋቱ ራሱ ማስረጃ ይሆንባታል። እሱም ይበልጥ ይጠነቀቃል፤ የይለፍ ቃሉን ይለውጣል፣ ሁለተኛ ሲም ያወጣል። ስትጠይቀው «ተጠራጣሪ ሆነሻል» ይላታል፣ እሷም ለተወሰነ ጊዜ የተበላሸሁት እኔ እሆን ብላ ራሷን ትመረምራለች። ከብዙ ሴቶች የሰማሁት ከገንዘቡ በላይ የሚቆረቁር ነገር ይህ ነው፤ እውነቱ ሲወጣ ያለፉት ሦስትና አራት ዓመታት ትዝታዎች ሁሉ እንደገና ይመረመራሉ። ያኔ ለቅሶ ነው የሄድኩት ያለው የት ነበር? ልጃችን ሆስፒታል በገባች ጊዜ ገንዘብ የለኝም ያለው እውነት ነበር ወይስ? ከዚህ አንጻር ጉዳቱ በሌላ ሴት ከመከዳት ጋር የሚነጻጸረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጭቅጭቁ በቃል ብቻ የማይቆምባቸው ቤቶችም አሉ። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ትንተና እንዳመለከተው፣ የቁማር ችግር ካለባቸው ሰዎች መካከል ከሦስት አንዱ በላይ በትዳር አጋራቸው ላይ አካላዊ ጥቃት ማድረሳቸውን የተናገሩ ሲሆን፣ በተቀራራቢ መጠን ጥቃት የደረሰባቸውም አሉ። ልጆች ደግሞ ማንም ሳይነግራቸው ያውቃሉ። አበዳሪ በር ሲያንኳኳ «አባባ የለም በያቸው» ተብላ የተላከች የ9 ዓመት ልጅ በዚያች ደቂቃ ሁለት ነገር ትማራለች፤ አባቷ እንደሚፈራና፣ ውሸት የቤቱ ሥራ እንደሆነና እሷም ድርሻ እንዳላት።

ከዚህ በኋላ ችግሩ ከደጃፍ ይወጣል። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት የአንድ ቁማርተኛ ችግር በአማካይ ሌሎች 6 ሰዎችን እንደሚጎዳ ገምቶ ነበር። በእኛ ዘንድ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው በዝምድናና በመተማመን ስለሆነ ቁጥሩ ከዚያ ቢያንስ ይገርመኛል። ዕቁብን እንውሰድ። ዕጣው የደረሰው ሰው ገንዘቡን ሲቀበል ዋስ ያቀርባል፤ ቀሪውን ጊዜ መክፈሉን የሚያረጋግጠው ያ ዋስ ነው። ሱስ የያዘው ሰው ቀድሞ ዕጣ እንዲደርሰው ይለምናል፣ ከሰው ይገዛል፣ ገንዘቡንም በሳምንት ይጨርሰዋል፤ መክፈል ሲያቅተው የዕቁቡ ዳኛ የሚጠይቀው ዋሱን ነው። ዋሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚስት ወንድም ነው። እንግዲህ ወንድምየው የሰው ዕዳ ከራሱ ልጆች ጉሮሮ ነጥቆ እየከፈለ እህቱን ማየት ይጠላል፣ ሚስቱም «በአንተ ዘመድ የተነሣ» እያለች ትወቅሰዋለች፣ እህት በበዓል ወንድሟ ቤት መሄድ ታቆማለች። ባልየው በአንድ ትኬት ላይ ያስያዘው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፣ አንዲት ሴት ከትውልድ ቤቷ ጋር ያላትን ግንኙነት ጭምር ነበር።

የመሥሪያ ቤት የቁጠባና ብድር ማኅበርም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ተበዳሪው ሲያቅተው ከዋሶቹ ደሞዝ ላይ ይቆረጣል፣ በፔሮል ላይ ያቺን መስመር በየወሩ የሚያይ ባልደረባም ሰላምታውን ይነፍጋል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው አራጣ ነው። አራጣ በወንጀል ሕጉ የተከለከለ ቢሆንም በስውር አለ፤ ማስያዣው ባዶ ቼክ፣ የመኪና ሊብሬ ወይም የቤት ካርታ ይሆናል፣ ስንቅ የሌለው (በባንክ ሒሳቡ በቂ ገንዘብ ያልተቀመጠበት) ቼክ መስጠትም ራሱን የቻለ ወንጀል ስለሆነ ቤተሰቡ ከዕዳው በተጨማሪ የእስራት ፍርሃት ይመጣበታል።

ስለ ዘመድ ሳነሣ በዓረብ አገር ያሉ እህቶችን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ጅዳ ወይም ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ለቤት መሥሪያ፣ ለወላጆች ሕክምና ብላ ገንዘቧን የምትልከው በአብዛኛው ለአንድ ወንድም ወይም ለባሏ ነው፤ ደረሰኝ አትጠይቅም፣ ሥራውንም በዓይኗ አታይም። የገንዘቡ ተቀባይ ሱስ ካለበት፣ በየወሩ ሳያቋርጥ የሚመጣ ምንጭ ሆነለት ማለት ነው። የሚላክላት ፎቶግራፍ የሌላ ሰው ግንብ ሊሆን ይችላል። እሷ ከዓመታት በኋላ ስትመለስ የምታጣው ቤቱን ብቻ አይደለም፤ ነገሩን እያወቁ «እሷን አናስጨንቃት» ብለው ዝም ያሉትን እናቷንና እህቶቿንም በአንድ ዓይነት መንገድ ታጣለች።

ሕጉ ምን ይላል የሚለውን ብዙ ሰው ሳያውቅ ጊዜው ያልፍበታል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ የሚያገኙትን ገቢ የጋራ ሀብት ያደርገዋል፤ ይህም የባልን ደሞዝ ይጨምራል። «የራሴን ገንዘብ ነው የተጫወትኩት» የሚለው ክርክር ስለዚህ በሕግ ፊት ደካማ ነው። ከተጋቢዎቹ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ስለ ተቀበለው ገቢ የማስታወቅ ግዴታ አለበት፤ ሚስት የባሏን ደሞዝ መጠንና መድረሻ መጠየቋ ጭቅጭቅ ሳይሆን መብት ነው። በአንቀጽ 68 መሠረት የማይንቀሳቀስ የጋራ ሀብት መሸጥ፣ ማከራየትም ሆነ ማስያዝ፣ ከ500 ብር በላይ መበደር ወይም ለሌላ ሰው ዕዳ በዚያ መጠን ዋስ መሆን የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። 500 ብር አዋጁ በወጣበት ጊዜ የነበረውን የገንዘብ አቅም የሚያሳይ ነው፤ ዛሬ የቁማር ዕዳ ከዚያ በታች የሚሆንበት ጊዜ የለም። ይህን ስምምነት ሳያገኝ የተደረገውን ግዴታ ሌላኛው ተጋቢ ፍርድ ቤት እንዲያፈርሰው መጠየቅ ይችላል፤ ነገር ግን አንቀጽ 69 ጊዜ ገድቦበታል፦ ነገሩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ግን ግዴታው ከተገባ 2 ዓመት ሳይሞላ። ሽማግሌ እስኪሰበሰብ፣ ፋሲካ እስኪያልፍ፣ ባልየው እስኪረጋጋ እየተባለ ስድስቱ ወር ሳይታወቅ ያልቃል።

ዕዳውን በተመለከተ የአንዱ ተጋቢ ዕዳ መጀመሪያ ከራሱ የግል ሀብት ይከፈላል፤ ያ ሳይበቃ ሲቀር ግን ወደ ጋራ ሀብቱ ይመጣል። ለቤተሰቡ ኑሮ የተገባ ዕዳ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም በአንድነትና በነጠላ ይጠየቁበታል፣ ማለትም አበዳሪው የሚስትንም የግል ሀብት ሊከተል ይችላል። ስለዚህ አበዳሪው «ለቤት ወጪ ነው ብሎኝ ነው ያበደርኩት» ሲል፣ ገንዘቡ ለምን እንደዋለ የሚያሳይ የባንክና የሞባይል ገንዘብ መግለጫ በሚስት እጅ መኖሩ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ያለ ሰው የክልሉን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ማማከር አለበት።

አሁን ወደ ገመና ልመለስ። በእኛ ባህል የቤት ጉድን መሸፈን ክብር ነው፤ የሸፈነችም ሴት ቻይ ተብላ ትመሰገናለች። በሌሎች ብዙ ችግሮች ይህ ትዕግሥት ትዳር ሲያቆይ አይቻለሁ፤ በቁማር ላይ ግን ተቃራኒውን ይሠራል። እናት የጡረታ ገንዘቧን ሰብስባ፣ ወንድም መኪናውን ሽጦ፣ ሚስት የቀራትን የጆሮ ጌጥ አውጥታ ዕዳው በአንድ ጊዜ ሲከፈል ሰውዬው አልቅሶ ይምላል፤ ማልቀሱም እውነተኛ ነው። ነገር ግን በዚያው ቀን አበዳሪዎቹ ሁሉ እንደገና የሚያምኑት ሰው ሆኗል፤ ስልኩም ደሞዙም እንዳለ በእጁ ነው። ዕዳው የነበረው አንድ ጥቅም ማንም እንዳያበድረው ማድረጉ ነበር፤ ቤተሰቡ ያንን አጥር በራሱ ገንዘብ አፈረሰለት። ለዚህ ነው የምርመራ መመሪያው ሌሎች እንዲከፍሉ መደገፍን ከሱሱ ምልክቶች አንዱ አድርጎ የቆጠረው።

ሽማግሌዎችም ብዙ ጊዜ የሚያስታርቁት ጠቡን ነው፤ ልማዱ ሳይነካ ይቀራል። ሁለቱንም ገሥጸው፣ እሱን አስምለው፣ እሷን «ስለ ልጆችሽ ብለሽ» ብለው፣ እግዚአብሔር ይፍታችሁ ተባብለው ይነሣሉ። ሽማግሌ በባልና በአማች ፊት የመናገር ሥልጣን ያለው ብቸኛው አካል በመሆኑ ይህንን ሥልጣኑን በተጨባጭ ነገር ላይ ቢያውለው ምንኛ በጠቀመ። ለምሳሌ እርቁ ከመፈጸሙ በፊት ዕዳው ሁሉ በወረቀት ላይ በስምና በመጠን ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ የተደበቀ ዕዳ ቢገኝ እርቁ እንደፈረሰ ይቆጠር። ደሞዙ በሚስት ወይም በጋራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይግባ፣ ለትራንስፖርትና ለምሳ በየዕለቱ ይሰጠው፣ ሁለተኛው ሲም ይዘጋ፣ የቤት ካርታና ሊብሬ ከቤት ወጥቶ በሚታመን ዘመድ እጅ ይቀመጥ። ዕዳው የሚከፈለውም ከእሱ ገቢ ቀስ በቀስ፣ ለአበዳሪው በቀጥታ እንጂ በእሱ እጅ በኩል መሆን የለበትም። ይህ አንድን ትልቅ ሰው እንደ ልጅ መቁጠር የሚመስላቸው አሉ፤ ይሁንና እግሩ የተሰበረ ሰው ምርኩዝ ሲይዝ ማንም አዋረዱት አይልም።

ሕክምናም አለ። ስለ ዕድልና ስለ «ማስመለስ» ያለውን የተሳሳተ አስተሳሰብ እየነቀሰ የሚያስተካክለው የሥነ ልቦና ሕክምና ለቁማር ሱስ በጥናት የተደገፈ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ የአእምሮ ሆስፒታልና የሥነ አእምሮ ክፍል ያላቸው ሌሎች ሆስፒታሎች አሉ። በጸበል፣ በንስሐ ወይም በዱዓ ብርታት ያገኘ ሰው ሐኪም ዘንድ መሄዱ እምነቱን አያጎድልበትም፤ ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 90 ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አብሮ መከልከሉን የሚያስተምር ዑስታዝም፣ የንስሐ ልጁን የሚያውቅ ቄስም፣ ሰውዬውን ሐኪም ቤት ደጃፍ ድረስ ሊያደርሰው ይችላል። በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖቻችን እ.ኤ.አ. በ1957 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተመሠረተው የቁማርተኞች የመረዳጃ ማኅበር በየከተማው ስብሰባ አለው፤ ለሚስቶች፣ ለባሎችና ለወላጆች የተለየ ስብሰባ ያለው መሆኑን ብዙዎች አያውቁም። ብሪታንያ ያለ ሰው ደግሞ ጋምስቶፕ በሚባለው አገልግሎት ራሱን ከኦንላይን ቁማር ማስታገድ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት ሊታወቅ ይገባል። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት የቁማር ሱስ ያለባቸው ሰዎች ራሳቸውን የማጥፋታቸው መጠን ከሌላው ሕዝብ 15 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። በጣም አስጊው ጊዜ ምስጢሩ የሚወጣበት ሰሞን ነው። ቤተሰቡ በቁጣ የሚነድበት፣ አማቶች ተሰብስበው የሚመጡበት ያ ሳምንት ሰውዬው ብቻውን መተው የሌለበት ሳምንት ነው፤ «ብሞት ይሻላል» ካለ እንደ ማስፈራሪያ ሳይቆጠር በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለበት። መቆጣት ይቻላል፤ ብቻውን መተው ግን አይቻልም። ይህ የሚስት ብቻ ሸክም እንዳይሆን ወንድሞቹና ጓደኞቹ ተራ ይግቡ። እሷም በዚያው ሰሞን የምታርፍበትና የምትናገርለት ሰው ያስፈልጋታል፤ ለልጆቿና ለራሷ ደኅንነት ስትል መለየትን ብትመርጥም ሕጉ ይፈቅድላታል፣ ቻይ አልሆነችም ተብላ ልትወቀስም አይገባም።

ሐብሏን ያጣችው ሴት ለጊዜው አልተለየችም። ዕዳው በወረቀት ላይ ሲጻፍ 11 ሰው ወጣ፤ ከ11ዱ ሦስቱ የእሷ ዘመዶች ነበሩ፣ አንዷም ስታገባ ሚዜዋ የነበረች ናት። የባሏ ደሞዝ አሁን በእሷ ሒሳብ ይገባል፤ ጠዋት ጠዋት የታክሲና የምሳ ገንዘብ ትሰጠዋለች፣ እሱም ዓይኗን ሳያይ ይቀበላል። አንድ ጊዜ አገርሽቶበት ነበር፤ ያኔ በዕለቱ ማታ ራሱ ነገራት፣ እሷም ከተቆጣች በኋላ ቆይታ ስታስበው ሳትጠይቀው እውነት ሲነግራት በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው መሆኑን አስተዋለች። አርቲውን አልጣለችውም። በዚያው ጨርቅ ውስጥ ነው፤ ጨርቁን ግን አሁን የምታጥፈው በሌላ አስተጣጠፍ ነው፣ እንዴት እንደሆነም ለእኔም አላሳየችኝም።